ዓይነ ስውሩ ያላየው ፊት



የዛሬውን የጁምዓ ማስታወሻ በራሴ ጥፋት ልጀምር። ባለፈው ረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ ለወጣቶች ደርስ እሰጥ ነበር። አንድ ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ መምጣት ላልቻሉ ጓደኞቹ ብሎ ደርሱን በስልኩ ቀረጸና ለእኔም ላከልኝ። ቪዲዮውን የከፈትኩት ድምፁ ይሰማ እንደሆነ ለማጣራት ነበር። ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ደርሱ አልቆ ስልኩ ገና እየቀረጸ ሳለ አንድ ልጅ ወደ እኔ ይጠጋል። "ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ላማክርህ ነበር" ይለኛል። እኔም "እሺ ወንድሜ፣ እየሰማሁህ ነው" እለዋለሁ። አፌ ይህን ሲናገር ግንባሬ ተቋጥሯል፤ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነው፤ ትከሻዬ ወደ በሩ ዞሯል። ልጁ ለአፍታ አየኝና "አይ፣ ሌላ ጊዜ ይሻላል" ብሎ ሄደ።

ቪዲዮውን ሳላይ በፊት "ልጁን እንዴት ተቀበልከው?" ብትሉኝ ኖሮ "በፈገግታ ነዋ!" እላችሁ ነበር። ለመዋሸት ብዬ አይደለም። የራሴን ፊት ስለማላየው ነው።

በአማርኛ "ከፍትፍቱ ፊቱ" እንላለን። እንግዳ ቀድሞ የሚቀምሰው የአስተናጋጁን ፊት ነው ማለት ነው። "ፊት ነሳኝ" ስንልም አንድም ክፉ ቃል ያልወጣበትን በደል መክሰሳችን ነው። ሰውነታችን ሳናዘው ይናገራል። ጥያቄው "እኛ የምናደርገውን ንግግር እኛ ራሳችን እንሰማዋለን ወይ?" የሚለው ነው።

በቁርኣን ውስጥ በአንድ የፊት ገጽታ የተሰየመ ሱራ አለ። 80ኛው ሱራ፣ ሱረቱ ዐበሰ። "ዐበሰ" ማለት ፊቱን አጨፈገገ፣ ግንባሩን ቋጠረ ማለት ነው። ታሪኩን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመካ ለቁረይሽ ታላላቆች ዳዕዋ እያደረጉ ነበር። እነዚያ ሰዎች ቢሰልሙ ብዙ ሕዝብ ይከተላቸዋል የሚል ተስፋ ነበራቸው። በዚያ መሃል ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ሊማር መጣ። ንግግሩ ተቋረጠና ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸውን አጨፈገጉ፣ ዞሩም። በንቀት አልነበረም፤ ለዲኑ ከነበራቸው ጉጉት የተነሳ ነው። ክፉ ቃልም አልተናገሩም።

አሁን አንድ ነገር እናስተውል። ኢብኑ ኡሙ መክቱም ዓይነ ስውር ነው። የተቋጠረውን ግንባር አላየውም። በእኛ ሚዛን ቢሆን "አላየኝም፣ ስለዚህ አልጎዳሁትም" ብለን እናልፈው ነበር። አላህ (ሱ.ወ) ግን ያንን ገጽታ እስከ ቂያማ ቀን የሚነበብ ቁርኣን አደረገው። ሰውየው ባያየውም እንኳ ፊታችን ላይ ሐቅ አለው ማለት ነው። ኢብኑ ኡሙ መክቱም በኋላ በመዲና ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር ሙአዚን ሆኗል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከከተማ ሲወጡም በእርሳቸው ቦታ የተኩት ጊዜ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የመጀመሪያው ተገላቢጦሽ ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ረሃብ ጠንቶበት ሰዎች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ተቀመጠ። "ራበኝ" ማለት ከበደው። አቡ በክር (ረ.ዐ) ሲያልፉ ስለ አንዲት የቁርኣን አንቀጽ ጠየቃቸው። የጠየቀው ወደ ቤት ይዘውት እንዲሄዱ ብሎ ነበር። እርሳቸው ግን ይህን ሳያደርጉ አለፉ። ቀጥሎ ዑመር (ረ.ዐ) መጡ፤ እንደዚያው ሆነ። ሁለቱም እዝነት የነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ነው የወሰዱት። ከዚያ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። አቡ ሁረይራን ሲያዩት ፈገግ አሉ። በነፍሱና በፊቱ ላይ ያለውን አወቁ። በቁልምጫ ስሙ ጠርተው "ተከተለኝ" አሉት። ቤት ውስጥ በስጦታ የመጣ ወተት ነበር። የሱፋ ሰዎች ሁሉ ተጠርተው ጠጡ፤ አቡ ሁረይራም ቦታ እስኪያጣ ድረስ ጠጣ፤ የቀረውን በመጨረሻ እርሳቸው ጠጡ።

ታዲያ ያንን ፊት እንዴት አነበቡት? አላህ ለመልእክተኛው የሰጠው ማስተዋል እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ሌላ ነገርም አለ። ያንን ረሃብ ሰውነታቸው ያውቀዋል። በኸንደቅ ቁፋሮ ጊዜ ከረሃብ የተነሳ ሆዳቸው ላይ ድንጋይ አስረው እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ) ዘግቧል። አቡ ሁረይራም በረሃብ ጊዜ ሆዱ ላይ ድንጋይ ያስር እንደነበር እዚያው ታሪክ ውስጥ ይነግረናል። ድንጋይ ያሰረ ድንጋይ ያሰረውን ያውቀዋል።

ቁርኣንም ይህንኑ መንገድ ያስተምራል። በሱረቱ ዱሃ አላህ (ሱ.ወ) መጀመሪያ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) የቲም እንደነበሩና እርሱ እንዳስጠጋቸው ያስታውሳቸዋል። የቲምን አትጨቁን የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን እዩት፦ መጀመሪያ አንተ የተሰማህን አስታውስ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ዙር። ጾም ከሚያስተምረን ነገር አንዱም ይህ ነው። የተራበን ሰው ፊት ማንበብ የሚጀመረው የራስን ሆድ ከማዳመጥ ነው።

ኢማም አል ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በኢሕያእ ውስጥ ልብና አካል እርስ በርስ እንደሚገናኙ ያስረዳሉ። በልብ ያለው ወደ አካል ይፈሳል፤ አካል የሚያደርገውም ተመልሶ ልብ ላይ አሻራ ይተዋል። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ የተቋጠረ ግንባሬ ስለ ልቤ ዜና ይዞልኝ መጥቷል፤ ላዳምጠው ይገባል። ሁለተኛ፣ ልቤ ገና ባይለሰልስም ፊቴን ወደ ወንድሜ ማዞር እችላለሁ፤ ልቤ ቀስ ብሎ ይከተላል። ለወንድም ፈገግ ማለት ሰደቃ መሆኑን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሰደቃ ደግሞ የሚሰጠው ኪስ ሲሞላ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለ። ፊት ማንበብ በልብ ላይ መፍረድ አይደለም። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) በጦርነት መሃል ሸሃዳ ያለን ሰው ገደለው። "መሣሪያ ፈርቶ ነው ያለው" ብሎ ገመተ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልቡን ሰንጥቆ አይቶ እንደሆነ ደጋግመው ሲጠይቁት፣ ኡሳማ ከዚያ ቀን በፊት ባልሰለምኩ ብሎ እስኪመኝ ድረስ ተጸጸተ። ምናልባት በሰውየው ፊት ላይ ፍርሃት በእርግጥ ነበረ ይሆናል። ፍርሃቱን ማየትና "ስለዚህ ሸሃዳው ውሸት ነው" ማለት ግን የተለያዩ ናቸው። አቡ ሁረይራን ያዩት ዓይኖች ምግብ ለመስጠት አዩ። እኛ ብዙ ጊዜ የሰው ፊት የምናየው ለመፍረድ ነው። "ኮርታለች"፣ "ንቆኛል"፣ "አስመሳይ ነው" እንላለን። የራሱን ፊት የሚያውቅ ሰው በዚህ ላይ አይቸኩልም። የእኔ ግንባር ከድካም፣ ከራስ ምታት፣ ከቤት ኪራይ ሐሳብ የተነሳ ሲቋጠር አውቃለሁ፤ ታዲያ የእርሱስ?

ለሳምንቱ ሦስት ነገር እንሞክር።

አንደኛ፣ ሰው ሲያናግረን ስልኩን በግንባሩ እንድፋውና ደረታችንን ወደ እርሱ እናዙር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲዞሩ በመላ አካላቸው ይዞሩ እንደነበር ተዘግቧል። የሚስቅ ምስል የምንልከው ለሩቅ ጓደኛ ነው፤ አጠገባችን ለተቀመጠችው እናታችን ግን የሚደርሳት ድንጋይ የሆነው ፊታችን ነው።

ሁለተኛ፣ "አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ" ሲባል ድምፁንና ትከሻውንም እንስማ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ከጨዋነታቸው የተነሳ የማያውቃቸው ሀብታም ናቸው ብሎ ስለሚገምታቸው፣ በምልክታቸው ግን ስለሚታወቁ ድሆች ይነግረናል። ምልክት የሚያየው ቆም ብሎ የተመለከተ ነው።

ሦስተኛ፣ ያየነው ነገር ወደ ፍርድ ሳይሆን ወደ ጥያቄ ይውሰደን። "ምነው፣ ደከመህ እንዴ?" በቂ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ቪዲዮውን ባየሁ ማግስት ፈልጌ አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅኩት። "የተናደድክብኝ መስሎኝ ነበር" አለኝ። እኔ እኮ ታክሲ ሳይጠፋ ለኢፍጧር ቤት ለመድረስ ነበር የቸኮልኩት! ሊያማክረኝ የነበረው ነገር የእርሱ አደራ ስለሆነ አልጽፈውም። ቀላል ነገር ግን አልነበረም። ሊነግረኝ ሦስት ቀን ሙሉ ድፍረት ሲያሰባስብ ቆይቷል፤ እኔ በአንድ ግንባር መለስኩት። ካሜራው በአጋጣሚ ባይቀርጽ ኖሮ አላውቅም ነበር። ካሜራ ያልቀረጸውን ስንቱን መልሼው ይሆን? የሚያውቀው ዓይነ ስውሩ ያላየውን ግንባር ያየው ጌታ ነው።

ዛሬ ጁምዓን ስትሰግዱ የሶላቱን መጨረሻ ልብ በሉት። ከአላህ ጋር የነበረን ቁም የሚዘጋው ፊታችንን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙረን ሰላም በማለት ነው። ከዚያ ለመውጣት ከመቸኮላችን በፊት አጠገባችን ያለውን ሰው እንየው። ምናልባት ሦስት ቀን ድፍረት ሲያሰባስብ የቆየ ይሆናል።

ያ አላህ፣ ፊታችንን ለባሮችህ እዝነት አድርገው። ሳናውቅ በፊታችን የሰበርናቸውን ልቦች አንተ ጠግን፤ እኛንም ማረን። ዛሬ በነብያችን ላይ ሰለዋት ማብዛትን አንርሳ። መልካም ጁምዓ።