በዳይስ ላይ የተሳለ ስለት

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 16 የዕጣ ፍርድ ከእግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል። እኔ ደግሞ እንጀራዬን የማገኘው ከዳይስ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ካዚኖ የክራፕስ ጠረጴዛ ላይ ዲለር ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ቀያይ ዳይሶች ከጠረጴዛው ጫፍ ግድግዳ ጋር እየተላተሙ ሲመለሱ አያለሁ። ዕጣ ሁሉ የእሱ ፍርድ ከሆነ፣ ይህስ የማን ነው?

ጥያቄውን ያከበደብኝ አንድ የአገሬ ሰው ነው። ታክሲ የሚነዱ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ትልቅ ሰው። አንድ ሌሊት ዳይሱ በእጃቸው ነበር፤ ከመወርወራቸው በፊት አማተቡ፣ ከንፈራቸውም ተንቀሳቀሰ። የሚፈልጉት 10 ነበር፤ 10 መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጸዲቁ ሲቀርብ አጠገቤ ተቀመጡና፣ “ልጄ፣ ለገብርኤል ጥላ ተስዬ ነበር፤ ሰማኝ” አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በቀላል ቃል መመለስ አይቻልም።

ምን ላይ እንደተሳሉ ለማየት ውርርዱን ማወቅ ያስፈልጋል። የክራፕስ መሠረቱ ፓስ ላይን ነው። ተጫዋቹ ቺፑን በጠረጴዛው ዙሪያ በተሰመረው መስመር ላይ ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ውርወራ የሁለቱ ዳይሶች ድምር 7 ወይም 11 ከሆነ ያሸንፋል፤ 2፣ 3 ወይም 12 ከሆነ ይሸነፋል። ከእነዚህ ሌላ የመጣው ቁጥር ፖይንት ይባላል፤ ነጭ ምልክት እናስቀምጥበታለን። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የሁለት ቁጥሮች ነው። ፖይንቱ ቀድሞ ከመጣ ተጫዋቹ ያስያዘውን ያህል ይከፈለዋል፤ 7 ከቀደመ ገንዘቡ የቤቱ፣ ማለትም የካዚኖው፣ ነው።

ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አለው፤ ስድስቱ 7 ናቸው። ይህን ያህል መንገድ ያለው ሌላ ቁጥር የለም። በመጀመሪያው ውርወራ የሚያስጨበጭበው 7፣ ፖይንት ከወጣ በኋላ ፓስ ላይን ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ተጫዋቾች ስሙን እንኳ አይጠሩትም፤ የጠራውን በቁጣ ያዩታል። ሰባቱን ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያንና ሰባቱን አጽዋማት እየቆጠርኩ ስላደግሁ፣ ሰባት እንዲህ ሲፈራ ማየት መጀመሪያ ላይ ይከብደኝ ነበር። ዳይሱ ግን ሰባትን አይወድም፣ አይጠላምም። ከጩኸት ወደ እርግማን የሚያሻግረው ገንዘባችን የተቀመጠበት ሰዓት ነው።

ሒሳቡን ልጨርስ። አንድ ሰው ፓስ ላይን ላይ አንድ አንድ ዶላር 1,980 ጊዜ ቢያስይዝ፣ በስሌቱ 976 ጊዜ ያሸንፋል፣ 1,004 ጊዜ ይሸነፋል። ልዩነቱ 28 ዶላር ነው፤ ከመቶ 1.41 ያህል። ከካዚኖ ውርርዶች ሁሉ ለተጫዋቹ ከሚራሩት አንዱ ይህ ነው። ቢሆንም ቤቱ ከዚህች ትንሽ ልዩነት ይኖራል፤ ተአምር አይጠብቅም፣ የሚጠብቀው የውርወራውን ብዛት ነው። ጋሼ ያዩት ግን አንዱን ውርወራ ነው። 10 የሚመጣው በሦስት መንገድ ነው፤ በ4 እና 6፣ በ6 እና 4፣ በ5 እና 5። 7 በስድስት ይመጣል። እንግዲህ የሳቸው ዕድል ከሦስት አንድ ነበር። ሳያማትብ የወረወረም በዚያው ሌሊት ደጋግሞ ያገኘዋል።

በዚህ ብቻ ልመልሳቸው አልፈለግሁም፤ ሒሳብ ጥያቄውን አይዘጋምና። ከሦስት አንድ የሚሆነውም ነገር በእግዚአብሔር እጅ ውስጥ እንዳለ አምናለሁ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ሰው ነው። በዚያው ዙር ከጋሼ ጎን አንድ ወጣት ዶንት ፓስ ላይ አስይዞ ነበር፤ እሱ የሚጠብቀው 7 እንዲቀድም ነው። 10 ሲመጣ፣ አሠራሩ እንደሚያዘው አስቀድሜ የልጁን ቺፖች ሰበሰብሁ፤ ከዚያ ለጋሼ ከፈልሁ። ገብርኤል ለጋሼ ፈረደ ካልን፣ በዚያ ልጅ ላይ ፈረደበት ማለታችን ነው። ምን ስላጠፋ?

በመጽሐፍ ቅዱስ ያሉትን ዕጣዎች ልመልከት። ሐዋርያት በይሁዳ ቦታ ሰው ሲተኩ ዮሴፍንና ማትያስን አቁመው፣ ጸልየው ዕጣ ጣሉ። የጸለዩት ፈቃዳቸውን ለመተው ነው፤ የወጣው ይውጣ ብለው። እዚህ ቬጋስ የምንጥለው እቁብም በዚህ የሐዋርያትን ዕጣ ይመስላል፤ ዕጣው የሚወስነው ተራን ነው፣ መጨረሻ የደረሰው ከመጀመሪያው ያነሰ ብር አይወስድም። መንፈስ ቅዱስ ከወረደ በኋላ ደግሞ ሐዋርያት ዕጣ ሲጥሉ አናነብም፤ ሰባቱን ዲያቆናት ሕዝቡ በመልካም ምስክርነታቸው መረጣቸው።

ከመስቀሉ ሥር ግን ሌላ ዕጣ አለ። ወታደሮቹ የጌታን ልብስ ለአራት ከተካፈሉ በኋላ፣ ስፌት የሌለውን ቀሚስ ላለመቅደድ ዕጣ ተጣጣሉበት። ለአንዱ ወጣለት። ያም ዕጣ ከእግዚአብሔር እጅ አላመለጠም፤ በመዝሙር አስቀድሞ ተነግሮለታል። ሆኖም ቀሚሱ የደረሰው ወታደር ጸሎቱ ተሰማለት የሚል መምህር ገጥሞኝ አያውቅም። ውጤቱን እግዚአብሔር ያውቀዋል ማለት፣ ውጤቱ ለእኛ የላከው መልስ ነው ማለት አይደለም። ጋሼ ሁለቱን አንድ አደረጓቸው፤ ጠረጴዛዬ ዙሪያ የሚያማትቡት ብዙዎችም እንዲሁ።

“ጥላውን ይስጡ፣ የተሳሉት ስለት ዕዳ ነው” አልኋቸው። “ገብርኤል ሰማኝ ብለው ግን በጉባኤ አይመስክሩ። የዚያ ልጅ እናትም ለአንድ ቅዱስ ተስላለት ይሆናል።”

ጋሼ ዝም ብለው አልተቀበሉኝም። “እኔ ጠዋት መኪና ሳስነሳ ተሳፋሪ ስጠኝ ብዬ እጸልያለሁ። እኔ የወሰድኩትን ተሳፋሪ ሌላው ሹፌር ያጣዋል። ይህንንም ልተው?” አሉኝ።

ከባድ ጥያቄ ነው፤ እስካሁንም እንከራከርበታለን። እኔ የምለው፣ ተሳፋሪው የሚሄድበት አለው፣ እሳቸውም ያደርሱታል፤ ለዚያ ድካም መጸለይ ይገባል። በጠረጴዛው ላይ ግን የሚደርስ ሰው የለም፣ ገንዘቡ ብቻ ነው ቦታ የሚለውጠው። እሳቸው ደግሞ እግዚአብሔር የሰውን ጭንቀት የሚሰማው የተጨነቀበትን ቦታ መርምሮ አይደለም ይላሉ። በዚህኛው እውነት አላቸው፤ እኔም ዳይሱን ከመወርወሩ በፊት ያማተበን ሰው ሳይ ስለ ቁጥሩ ባይሆንም ስለ ሰውየው እጸልያለሁ።