የፈሳሽ መሙያ ማሽን አመራረጥ

ፈሳሽ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ የምግብ ዘይት ወይም ማር እያሸገ የሚሸጥ አምራች የመሙያ ማሽን ዋጋ ከማጠያየቁ በፊት የምርቱን ውፍረት ሊያውቅ ይገባል። ውፍረት የሚለካው በሳንቲፖይዝ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ 1 ሳንቲፖይዝ ያህል ሲሆን፣ የምግብ ዘይት ከ50 እስከ 80 ይደርሳል፤ ፈሳሽ ሳሙና እንደ አሠራሩ ከመቶዎች እስከ ጥቂት ሺዎች ይሄዳል፤ ማር ከሁሉም ይብሳል። መለኪያ የሌለው ሰው ከሥሩ የተበሳ ኩባያ ሞልቶ፣ ፈሳሹ ወርዶ እስኪያልቅ የሚፈጀውን ሰኮንድ ቢቆጥር፣ ቢያንስ የዛሬውን ምርት ከትናንቱ ጋር ማስተያየት ይችላል።

ማስተያየቱ ያስፈልጋል፤ ውፍረት ባለበት አይረጋምና። ቴክሳፖን በተባለው የሳሙና ግብዓት የሚሠራ ሳሙና የሚወፍረው በጨው ነው፤ ጨው ሲጨመርበት እየወፈረ ይሄድና ልኩ ሲያልፍ መልሶ ይቀጥናል። ጨውን በእጁ እየዘገነ የሚጨምር አምራች አንዱ በርሜል ከሌላው አይገጥምለትም። በማሽን ከሚሳበበው ጥፋት ብዙው የዚህ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለው አምራች ከማሽኑ አስቀድሞ ደህና ሚዛን ቢገዛ ይሻለዋል።

ለዘይት በስበት የሚሞላ ማሽን ይበቃል፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። ብዙዎቹ ግን የሚሞሉት በጊዜ ቆጥረው ስለሆነ፣ ጠዋት በብርድ የተስተካከለው ማሽን ቀትር ላይ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ከልክ በላይ ይቀዳል። ለሳሙናና ለሻምፑ የሚበጀው ባለ ፒስተኑ ነው፤ በሲሊንደሩ ልክ ስቦ የሳበውን ይገፋል። ሲሊንደሩ ከጠርሙሱ ጋር መመጣጠን አለበት፤ 1 ሊትር የሚስብ ማሽን 50 ሚሊ ሊትር ሲሞላ ልኩን ይስታል። ፒስተን አየሩንም እንደ ሳሙና ቆጥሮ ስለሚገፋ፣ የተማሰለ ሳሙና አረፋው እስኪሰክን ማደር ይኖርበታል። ፈሳሹ የሚወርድበት ኖዝልም እስከ ጠርሙሱ ሥር ገብቶ እየሞላ የሚወጣ ቢሆን አረፋ አያበዛም።

ሻጭ በውሃ ሞልቶ የሚያሳየው ሙከራ ገዢን ሊያሳምን አይገባም። ገዢው የራሱን ምርት በጄሪካን፣ የራሱንም ጠርሙስ ይዞ ይሂድ። 20 ያህል ጠርሙስ አስሞልቶ እያንዳንዱን ይመዝን፤ የባዶውን ክብደት ይቀንስ። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ፣ አንድ ሊትር ማር ደግሞ 1.4 ኪሎ ያህል እንደሚመዝን አይርሳ። በ500 ሚሊ ሊትር ላይ 10 ሚሊ ሊትር ከተረፈ፣ በሺህ ጠርሙስ 10 ሊትር በነጻ ሄደ ማለት ነው። ከጎደለ የተበደለው ሸማቹ ነው፤ «ማሽኑ ነው» ማለት አያድንም። ኖዝሉ ከተዘጋ በኋላ ይንጠባጠብ እንደሆነም ቆሞ ማየት ተገቢ ነው፤ ጠብታው ጠርሙሱን ካጨቀየው መለያው አይጣበቅም።

ፈሳሹ የሚነካው ዕቃም ይጠየቅ። በረኪና ስቴንለስ ስቲልን ሳይቀር ይበላል። ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ በዘይት ያብጣል፤ ለዘይት ናይትራይል ይሻላል። በአየር የሚሠራ ማሽን ያለ ኮምፕረሰር አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ከመዋዋል በፊት ዋጋው ኮምፕረሰሩን ይጨምር እንደሆነ መጠየቅ ነው። የፒስተኑ ጎማዎች ቶሎ ስለሚያልቁ ትርፍ ጎማ ከማሽኑ ጋር አብሮ መግዛት፣ የጎማዎቹንም ልክ ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።