ካሜራውን ሰጠን፤ ምስሉንስ?

የልጆችን ኑሮ የሚያጠኑ አንዳንድ ተመራማሪዎች ካሜራውን ለልጆቹ ለራሳቸው ይሰጣሉ። መልካም ነው፤ ልጅ በቃል ለመናገር የሚቸገርበትን በምስል ያሳያልና። ነገር ግን ካሜራውን ስንሰጥ፣ በምስሉ ላይ የመወሰን መብትንም ሰጥተናልን?

ዛና ብሪስኪ የተባለች ፎቶ አንሺ በህንድ አገር በካልካታ፣ በሴተኛ አዳሪዎች መንደር ለሚያድጉ ልጆች ካሜራ ሰጥታ ፎቶ ማንሳት አስተማረቻቸው። ፎቶዎቻቸው ተሸጠው ለትምህርታቸው ዋሉ፤ ስለ እነርሱ የተሠራው ፊልምም እ.ኤ.አ. በ2005 ኦስካር አሸነፈ። የልጆቹ ፊትና የእናቶቻቸው ኑሮ ግን በዓለም ፊት ወጣ። በአሥር ዓመቱ «እሺ» ያለ ልጅ በሃያ ዓመቱ «ይቅርብኝ» ቢል፣ ማን ይመልስለታል?

በካናዳ ፎጎ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1967 ፊልም ሲቀረጽ፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸውን ቀድመው አይተው ያልወደዱትን ማስቀረት ይችሉ ነበር። ለአዋቂ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ፣ ለልጅማ እንዴት!

እናንተም የሰንበት ትምህርት ልጆችን በስልካችሁ ስትቀርጹ፣ ወይም ስልኩን ሰጥታችሁ «ቤታችሁን ቅረጹ» ስትሉ፣ ቀረጻውን መጀመሪያ ለልጁ አሳዩት። «ይህን ሌላ ሰው ይየው?» ብላችሁ ጠይቁት። በእኛ ዘንድ ልጅ ለታላቁ «አይሆንም» ማለት ይከብደዋል፤ ስለዚህ አንገቱን ቢደፋ እንኳ መልሱን ሰጥቷችኋልና አጥፉት። የሚያምር ቀረጻ ይቀርባችሁ ይሆናል። ልጁ ግን የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ሰው እንጂ የሥራችን ማስረጃ አይደለም።