ሚዛኑን የያዘው ማን ነው?

ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል መፈጠሩን የሚያምን ሕዝብ፣ ለብዙዎች ደኅንነት ሲባል ጥቂቶችን ማጥፋት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ጥያቄውን ያነሣው ከባሕር ማዶ የመጣ የጀግኖች ፊልም ቢሆንም እንኳ፣ ነገሩ አይመለከተኝም ብሎ ሊያልፈው አይገባውም። ቀያፋ በኢየሩሳሌም ሸንጎ ተቀምጦ የአንዱን ጻድቅ ሞት ለሕዝቡ ሰላም ዋጋ አድርጎ ከመከረበት ቀን ጀምሮ ይህ አሳብ ልብሱን እየለወጠ በየዘመኑ ሲመላለስ ኖሯል፤ አንድ ጊዜ የካህን፣ አንድ ጊዜ የንጉሥ፣ አንድ ጊዜ የጦር አዛዥ ቃል ሆኖ ተሰምቷል፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ጭምብል ያጠለቀ፣ ከሰው በላይ ጉልበትና ጥበብ ያለው የልዕለ ጀግና ቃል ሆኖ በሥዕል መጽሐፍና በፊልም ወደ ልጆቻችን ጆሮ ደርሷል።

በሱሉልታ ለምንኖር ሰዎች ይህን ነገር ለማሰላሰል የሚያበቃ ሌላም ምክንያት አለን። ከእንጦጦ ጀርባ ወርዶ ወደ ጎጃም የሚዘልቀው መንገድ ከተማችንን ሰንጥቆ ሲያልፍ የደብረ ሊባኖስን ተሳላሚ ተሸክሞ ያልፋል፤ በዚያው መንገድ ዳር ያሉ ወጣቶች ደግሞ በቪዲዮ ቤትና በእጅ ስልካቸው የሚበርሩ፣ ግንብ የሚያፈርሱ፣ ሞትን የሚንቁ ጀግኖችን ይመለከታሉ። ስለዚህ በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት የኃይል ታሪኮች ይገናኛሉ፤ አንደኛው ስድስት ክንፍ የተሰጠውና በጸሎት ብዛት አንዲት እግሩ የተሰበረችው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ሲኒማ ያበዛው የልዕለ ጀግና ተረት ነው። ሁለቱ ታሪኮች ከመጽሐፍ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕልም ወደ ሌላ ሥዕል ሲሸጋገሩ ምን ይዘው እንደሚሻገሩና ምን ጥለው እንደሚቀሩ መመርመር፣ በእኔ እምነት፣ የኪነ ጥበብ ጉዳይ ከመሆኑ አስቀድሞ የኅሊና ጉዳይ ነው።

ለዚህ ምርመራ ምሳሌ የሚሆነን፣ አለን ሙር የደረሰውና ዴቭ ጊበንስ የሣለው «ዋችሜን» የተባለው ሥዕላዊ ልብ ወለድ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 እና በ1987 በ12 ክፍል ታትሞ የወጣ ነው፤ በ2009 ዛክ ስናይደር ወደ ፊልም መለሰው፤ ደራሲው ሙር ግን ስሙ በፊልሙ ላይ እንዳይጻፍ አደረገ። ታሪኩ የሚፈጸመው አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር መሣሪያ ሊተላለቁ በተቃረቡበት ጊዜ ነው። ከቀድሞዎቹ ጭምብል ለባሾች አንዱ የሆነው፣ በአእምሮው ስለት ከሰው ሁሉ የላቀው አድሪያን ቬይድት፣ ዓለም ልትጠፋ መሆኗን ካረጋገጠ በኋላ፣ ከሌላ ዓለም የወረደ የሚመስል አስፈሪ ፍጡር በሥውር አሠርቶ በኒው ዮርክ ከተማ ላይ ይጥላል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ ተፋጥጠው የነበሩት መንግሥታትም የጋራ ጠላት የተነሣባቸው መስሏቸው ጦራቸውን ይመልሳሉ። ባልንጀሮቹ ደርሰው ነገሩን ሲያውቁ ሰላሙ እንዳይፈርስ በማለት ምስጢሩን ለመጠበቅ ይስማማሉ፤ እምቢ ያለው ሮርሻክ ብቻ ነው፤ እርሱም በእምቢታው ይሞታል።

ይህን ታሪክ መጽሐፉ የሚነግርበት መንገድ ሊጤን የሚገባው ነው። ደራሲውና ሠዓሊው የጀግኖቹን ጉዳይ ባለማቋረጥ አያወሩም፤ ዘወትር ወደ አንዲት የኒው ዮርክ መንገድ ማዕዘን እየተመለሱ፣ ጋዜጣ የሚሸጠውን ሽማግሌ፣ በአጠገቡ ተቀምጦ የሥዕል መጽሐፍ በነጻ የሚያነበውን ልጅ፣ ትዳሩ የሻከረበትን የአእምሮ ሐኪም፣ ታክሲ የምትነዳውን ሴት፣ ገጽ በገጽ፣ ሳጥን በሳጥን ያሳዩናል። አብዛኛው ገጽ በ9 እኩል ሳጥኖች የተከፈለ በመሆኑ፣ ዓለምን ለመለወጥ የሚያስበው ባለ ብዙ ሀብት ጀግናና ጋዜጣ የሚሸጠው ድኻ በወረቀቱ ላይ እኩል ስፍራ ያገኛሉ፤ አንባቢውም ጥቂት ሳያስብ እነዚህን ሰዎች ጎረቤቶቹ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የጥፋቱ ሰዓት ሲደርስ የሚሞቱት ሚሊዮኖች አይደሉም፤ ሽማግሌውና ልጁ ተቃቅፈው ይሞታሉ። የመጨረሻው ክፍልም ንግግር በሌለባቸው፣ በሬሳ በተሞሉ ሙሉ ገጾች ይጀምራል፤ አንባቢው ቬይድት አደረግሁት የሚለውን መልካም ነገር ከመስማቱ አስቀድሞ ዋጋውን በዓይኑ እንዲያይ ይገደዳል።

ፊልሙ የብዙ ገጾችን መልክ፣ ብርሃንና አቀማመጥ በታላቅ ጥንቃቄ ገልብጧል፤ በዚህ ሊነቀፍ አይችልም። የጋዜጣ ሻጩና የልጁ ሕይወት ግን በጥቂት ቅጽበት ታይቶ ያልፋል፤ ጥፋቱም በብዙ ታላላቅ ከተሞች ላይ በሚፈነዳ ብርሃን ስለ ተፈጸመ፣ የሚታየው የፈረሰ ሕንጻና ባዶ ጉድጓድ ነው፤ ሬሳ የለም፤ የሚያለቅስም የለም። በዚህ ምክንያት ተመልካቹ ወደ መጨረሻው ክርክር ሲደርስ በእጁ ያለው ቁጥር ብቻ ይሆናል፤ ከዚህ ወገን ሚሊዮን፣ ከዚያ ወገን ቢሊዮን። ቁጥር ብቻ ያለው ሰው ደግሞ የሚፈርደው ፍርድ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሚበዛው ያሸንፋል። በመጽሐፉ ፍጻሜ ቬይድት ራሱ እንደ አምላክ ኃያል የሆነውን ዶክተር ማንሃታንን በስተመጨረሻ መልካም አድርጌ እንደሆን ንገረኝ ብሎ ሲጠይቅና የሚያሳርፍ መልስ ሳያገኝ ሲቀር እናያለን፤ በፊልሙ ይህ ጭንቀት ከእርሱ ተወስዷል። የገዳዩ ኅሊና እንኳ በመጽሐፉ የነበረውን ያህል ስፍራ አላገኘም ማለት ነው።

ስለ እውነት መመስከር ካስፈለገ፣ ፊልሙ በአንድ ነገር ከመጽሐፉ ይልቅ ጥልቅ ጥያቄ አንሥቷል። የጥፋቱ ምክንያት ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር መሆኑ ቀርቶ ዶክተር ማንሃታን ነው ተብሎ በመወራቱ፣ የሰው ልጅ ሰላሙን የሚያገኘው ተቈጥቶ ቀጣኝ፣ ደግሞም ሊቀጣኝ ይችላል ብሎ ከሚፈራው ኃያል የተነሣ ይሆናል፤ ሰላሙ በሐሰተኛ አምላክ ፍርሃት ላይ ተመሠረተ ማለት ነው። ሃይማኖት ያለው ሰው በዚህ ሊደነግጥ ይገባዋል፤ ከፍቅር ያልተወለደና በውሸት ላይ የቆመ ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ ለጊዜው ጦርን ቢያቆም እንኳ፣ ሰውን ባሪያ እንጂ ልጅ አያደርገውም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከመጽሐፍ ወደ ሥዕል የመመለስን ጥበብ ከሲኒማ አልተማርነውም። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የፊልም ማሳያ ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው፤ ከዚያ በፊት ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንቱ ያነበቡትን ገድልና ተአምር ሠዓሊዎቹ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ በተከታታይ ክፍሎች ሲያሳዩ፣ ማንበብ የማይችለው ምእመንም ከሥዕል ወደ ሥዕል እየተሻገረ ታሪኩን ሲከታተል ኖሯል። ከእነዚህ ታሪኮች መካከል ለያዝነው ጉዳይ እንደ በላዔ ሰብእ ታሪክ የሚቀርብ የለም። 78 ነፍስ የበላው ይህ ሰው፣ ውኃ ጥም ያቃጠለው ድኻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው፤ ከሞተም በኋላ ሥራው በሚዛን ሲመዘን፣ በእመቤታችን አማላጅነት ያች ጥርኝ ውኃ ከ78ቱ ነፍሳት ይልቅ ከብዳ ተገኘች። ተአምሩ በተለይ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይታሰባል።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ጠያቂ፣ እንዲህ ከሆነ የ78ቱ ደም ከንቱ ሆነ ማለት አይደለምን፣ ቬይድትስ ከበላዔ ሰብእ በምን ይለያል ሊል ይችላል። ልዩነቱ ሚዛኑን በያዘው ላይ ነው። በላዔ ሰብእ ራሱን አልመዘነም፤ ጥርኝ ውኃውን ቆጥሮ ስለ 78ቱ ይበቃል አላለም፤ ምሕረቱ ከእርሱ ስሌት ውጭ፣ ፈጽሞ ባልጠበቀበት መንገድ መጣ። የተገደሉትም ከሥዕሉ አልተሰረዙም፤ ሠዓሊው ሲበላቸው ያሳያል፤ ቁጥራቸውም በቃል እየተነገረ እስከ ዛሬ ደርሷል። ምሕረት የበደሉን ልክ ሳይሸሽግ ከበደሉ በላይ ስለ ሆነ ምሕረት ተብሏል። ቬይድት ግን ሚዛኑን ከእግዚአብሔር እጅ ነጥቆ፣ ሟቾቹን ሳይጠይቅ፣ ፈራጁም ክብደቱም ተጠቃሚውም ራሱ ሆነ። አብርሃም ስለ ሰዶም በተማለደ ጊዜ ከ50 ጀምሮ እስከ 10 ድረስ ቁጥሩን ያወረደው ለማዳን ነበር፤ ቀያፋ ግን አንድን ሰው የቈጠረው ለመግደል ነው። ቁጥር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ወዴት እንደሚመራ የሚወስነው የቈጣሪው ልብ ነው።

ይህ የተረት ነገር ብቻ እንዳይመስለን፣ ከሱሉልታ የሚያልፈው መንገድ የሚያደርስበት ደብረ ሊባኖስ ምስክር ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያ ፋሺስት መንግሥት እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ እርሱ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በሚከበርበት ሰሞን፣ የገዳሙ መነኮሳት እንዲረሸኑ አዘዘ። እርሱ ለሮም ባስታወቀው መሠረት 297 መነኮሳት፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት ተገደሉ፤ በኋላ የመረመሩ የታሪክ ሰዎች የሟቾቹ ቁጥር ከ1000 እጅግ የላቀ እንደሆነ ገልጸዋል። ግዛቱን ጸጥ ለማሰኘት የጥቂቶች ደም ይበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ሟቾቹን አሳንሶ መቁጠሩ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሚዛኑን በግፍ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያጎድለው ክብደቱን ነውና። ያም ደም ጸጥታ አላመጣለትም፤ አርበኞች በዱር በገደል መዋጋታቸውን ቀጠሉ።

አዛዥ በጦር ሜዳ፣ ሐኪም በሕሙማን መካከል፣ ዳኛ በችሎት መምረጥ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ማንም ሳይሞት ሁሉን ማዳን የሰው ዕጣ አይደለም የሚል ሰው ቢነሣ፣ እውነት ተናግሯል። ነገር ግን ባለ አንድ መድኃኒት ሐኪም ከሁለት ሕሙማን አንዱን ማዳኑ አንድ ነገር ነው፤ ጤነኛውን ገድሎ መድኃኒት ማድረግ ሌላ ነገር ነው። በፊተኛው የሞተውን የገደለው ሕመሙ ነው፤ በኋለኛው ሰው የሰው መሣሪያ ሆኗል። ደግሞም በግድ የገደለ እንኳ ኅሊናው ነጻ ነው አይባልም፤ ታላቁ ባስልዮስ በጦርነት የገደሉ ወታደሮች እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለ3 ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢታቀቡ መልካም እንደሆነ የመከረው፣ አገርን መጠበቅ ተገቢ መሆኑን ክዶ ሳይሆን፣ የፈሰሰ ደም ሳይለቀስለት ተረስቶ እንዳይቀር ብሎ ይመስለኛል። እዚህ በሜዳችን ላይ የሣርና የወተት ገበሬው ርስት ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ሲለቀቅ፣ ለብዙኃን ጥቅም ነው የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ያ ቃል በተነገረ ቁጥር የሚነሣው አባወራ ፊቱ ሊታይ፣ ስሙ ሊጠራ፣ አሳቡ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ አለዚያ ትንሹ ሚዛን ትልቁን ይለምዳል።

ብስራት ደበበ በመሠረተው በዕጣን ኮሚክስ የታተሙት ጀምበርና ሐዊ፣ ኢትዮጵያውያን ልጆች የራሳቸውን መልክና አገር የያዙ ልዕለ ጀግኖች እንዲያገኙ አድርገዋል፤ ይህ የሚያስደስት ነው። ነገ ከነዚህ ወይም ከሌሎች ሥዕላዊ ልብ ወለዶች አንዱን ወደ ፊልም የሚመልስ ወጣት ቢነሣ፣ ከመሣሪያና ከገንዘብ አስቀድሞ የአባቶቹን ሠዓሊዎች ሥርዓት እንዲያስብ እለምነዋለሁ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የሣለ ሠዓሊ ስድስቱን ክንፎች በሣለበት ቀለም የተሰበረችውን እግር ጨምሮ ይስላል፤ ኃይል ጸጋ መሆኑን፣ ጸጋም መሥዋዕትነትን እንደሚጠይቅ፣ መሥዋዕቱም የሌላ ሰው ሥጋ ሳይሆን የባለ ጸጋው ሥጋ መሆኑን ሕፃን እንኳ ከሥዕሉ ይረዳል። ፊልም ሰዓቱ አጭር ነው፤ ከመጽሐፉ የሚቀነስ ነገር ይኖራል፤ ይቀነስ፤ ነገር ግን ጦርነቱ ይጠር እንጂ ጀግናው ሲወድቅበት የሚጎዳው የመንገድ ሰው አይቀነስ፤ ሕንጻው ሲፈርስ ውስጡ ማን ነበር የሚለው ጥያቄ አይቀነስ።

ፊልም ሠሪ በአዳራሹ ጨለማ ውስጥ ለተቀመጠው ሕዝብ ማን ምን ያህል ደቂቃ ሊታይ እንደሚገባው ሲወስን፣ ሳያውቀው የነፍሳትን ሚዛን በእጁ ይዟል፤ ፊቱ ያልታየ ሰው በተመልካቹ ልብ ክብደት የለውምና። ይህን ሥልጣን የተቀበለ ሁሉ ቬይድት እንደ ያዘው ሳይሆን፣ ከዘጠና ዘጠኙ ይልቅ አንዲቱን የጠፋች በግ ሊፈልግ እንደ ወጣው እረኛ ሊይዘው ይገባል። ብዙዎችን የሚያድን ጀግና ማየት የሚወዱ ልጆቻችን፣ ያልዳነውንም ሰው በስሙ የሚያውቅ ጀግና ቢያዩ፣ ኃይል ምን እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ ከእርሱ ይማራሉ።