የዕረፍት ሰዓት የማን ናት?

የሰው ጠባይ ከሥራው ሰዓት ይልቅ በዕረፍቱ ሰዓት ይታወቃል። በሥራ ሰዓት አለቃ ያዝዛል፤ በትምህርት ሰዓት መምህር ይቈጣጠራል፤ በገበያም ቀን ገዢና ሻጭ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶ፥ ደብተሩም ታጥፎ፥ ሰውን «ወዴት ትሄዳለህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ያን ጊዜ እግሩ የሚመራው ልቡ ወደ ወደደው ነው። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ይህችን ጥቂት ሰዓት አትናቃት።

በዚህ ነገር የሰዎች አሳብ ሁለት ነው። አንዱ «ሳምንቱን ሙሉ ለሌላ ሠርቻለሁ፤ ይህች ከሰዓት በኋላ የእኔ ናት፤ እንደ ወደድሁ አደርጋታለሁ» ይላል። እንዲህም ብሎ ከመጠጥ ቤት ወይም ጫት ከሚቃምበት ቤት ይቀመጣል፤ ወይም የእጅ ስልኩን ሲያይ ፀሐይ ትጠልቅበታለች፤ ሲነሣም ከመቀመጡ በፊት ከነበረው ድካም የበለጠ ደክሞ ይነሣል። ሁለተኛው ደግሞ «ዕረፍት የሰነፍ ነው» ይላል፤ እርሱም አያርፍም፥ ሌላውንም አያሳርፍም። የፊተኛው ጊዜን እንደ አባካኝ ይበትናል፤ የኋለኛው እንደ ንፉግ ይቈልፍበታል። ነገር ግን ሁለቱም ጊዜው የራሳቸው ብቻ እንደ ሆነ በማሰብ ይስማማሉ። እኛ ግን ይህችን ሰዓት በምን እንደምናሳልፋት ከመጠየቃችን በፊት፥ ማን እንደ ሰጠን ልንጠይቅ ይገባናል።

የዕረፍት ሰዓት እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜም ሳይቀር ብዙ ሰዓት ይደክሙ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1850 የወጣው ሕግ ግን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ከለከለ። ዳግመኛ በ1919 በዋሽንግተን የተሰበሰበው የዓለም የሥራ ጉባኤ፥ የፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ይህንኑ ልክ አቁሞ፥ ሠራተኛው በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይቋረጥ እንዲያርፍ አዘዘ። የጥንቱም የሰንበት ትእዛዝ ዕረፍትን ለቤቱ ጌታ ብቻ አልሰጠም፤ አገልጋዩንና አገልጋይቱን፥ እንግዳውንም፥ ከብቱንም ሳይቀር አብሮ ቈጠረ። እንግዲህ ዛሬ በዕረፍት የሚቀመጥ ሰው ሌሎች ደክመው ባቀኑት ርስት ላይ እንደ ተቀመጠ ይወቅ።

ከተማ ለሚኖር ሰው ወደ ከተማው ዳር መውጣት ከዕረፍቶች ሁሉ መልካሙ ነው። በነቀምቴ የሚኖር ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ፥ ኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት የኩምሳ ሞረዳ ግቢ ከተማው ውስጥ አለለት፤ የአገሩን ታሪክ በዚያ ሊመለከት ይችላል። ከዚያም በስተ ምዕራብ ወደ ጊምቢ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወደ ዲጋ ቢወጣ፥ መንገዱ ወደ ደዴሳ ሸለቆ እየወረደ ሲሄድ አየሩ ሲሞቅ ይሰማዋል፤ የበቆሎውን ማሳ፥ ዋንዛውንና ብሳናውን፥ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለውንም ቡና ያያል። ጕልበት ያለው የቻለውን ያህል በእግሩ ይሂድ፤ ያልቻለም በመኪና ሄዶ ጥቂት ይመላለስ። ዓይን ከወረቀት ወደ አረንጓዴ ሲዞር ልብም ያርፋል።

ይሁን እንጂ ይህም ለሁሉ የተሰጠ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ጸጥታ በመታወኩ ብዙ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ስለዚህ ከከተማ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት አገሩን ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ ሳይመሽም ይመለስ። በሰላም ሄዶ በሰላም የተመለሰበትን ቀን እንደ ተራ ቀን አይቍጠረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የከተማ ዳር ለሚያርፈው ሰው የተዘጋጀ የአትክልት ስፍራ አይደለም፤ ሌላው ሰው የሚሠራበት ቦታ ነው። ከዲጋና ከነቀምቴ ወጥተው በአዲስ አበባ የሚማሩ ልጆቻችን ይህን በእንጦጦ አይተውታል። ለብዙ ዓመታት የከተማው ሰው ንጹሕ አየር ሊቀበል ወደ እንጦጦ ሲወጣ፥ ሴቶች ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፥ ወገባቸው ጐብጦ፥ በዚያው መንገድ ሲወርዱ ይገናኙ ነበር። አንዱ ተራራ ለአንዱ መዝናኛ፥ ለሌላይቱ የዕለት እንጀራ ነው። ወጪው ሰው መንገድ ለቅቆ «እግዜር ያበርታሽ» ቢል መልካም አደረገ፤ እንደ ትርኢት ቆሞ ፎቶግራፍ ቢያነሣት ግን ዕረፍቱን በእርስዋ ድካም ላይ ሠራ።

ይህም ከቤታችን ውጭ ያለ ነገር ነው። ከዚህ የሚከብደው በገዛ ቤታችን አለ። በየከተማችን በሰው ቤት የሚያገለግሉት ልጃገረዶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። እንግዲህ አንድ የነቀምቴ ሰው ቅዳሜ ቀን የታጠበ ልብስ ለብሶ፥ የተቋጠረ ምሳ ይዞ፥ የገጠሩን ውበት ለማየት ወደ ዲጋ ይወጣል እንበል። ልብሱን ያጠበችው፥ ምሳውን የቋጠረችው ልጅ የተወለደችው በዚያው በሚያደንቀው ኮረብታ ሥር ሊሆን ይችላል። እርሱ ለመዝናናት አገርዋን ሲያይ፥ እርስዋ የእናትዋን ደጅ ካየች ዓመት ሆኗታል። እርሱ «ደክሞኛል፥ ልረፍ» ሲል፥ እርስዋ እንጀራ ትጋግራለች፥ ውሃ ትቀዳለች፥ ማታም ተመልሶ ሲመጣ እግሩን የሚታጠብበትን ታሞቃለች። ያ የጠቀስነው አዋጅም በሰው ቤት የምታገለግለውን ሠራተኛ በውስጡ አላካተታትም። ሕግ ባልደረሰበት ስፍራ የሚቀረው የአሳዳሪው ኅሊና ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰው «ዕረፍት ብሰጣት ምን ታደርግበታለች? በከንቱ ትዞርበታለች እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ለዚህ ሰው በነቀምቴ የኖሩትን ሁለት ሰዎች እናስታውሰው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሸጦ ከጌታ ወደ ጌታ ተላልፎ፥ በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ። አስቴር ጋኖም እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች ሴት ነበረች። በባርነታቸው ጊዜ የገዛቸው ሰው «ለእነዚህ ትርፍ ሰዓት ምን ይጠቅማቸዋል?» ቢባል ምን ይመልስ ነበር? እነርሱ ግን ጊዜያቸው የራሳቸው በሆነ ጊዜ አብረው ደከሙ፤ በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ፥ በ1899ም መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። ከዚያም ኦኔሲሞስ በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ፥ በ1931 እስኪያርፍ ድረስ ሲያስተምር ኖረ። እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ከታሰረ ሰዓት ውስጥ ምን ፍሬ እንዳለ ያሰረው ሰው ሊያውቅ አይችልም።

ደግሞም ልጅቱ መጽሐፍ ባትጽፍ፥ ትምህርት ቤትም ባትገባ፥ ከጓደኛዋ ጋር ተቀምጣ ጠጕርዋን ብትሠራ፥ ወይም ብትተኛ፥ ይህ ዕረፍትዋ ነው። አንተም በሰዓትህ ለሠራኸው ሁሉ ሒሳብ የጠየቀህ የለም። ራስህ ሳትመረመር የተቀበልኸውን ስጦታ ለእርስዋ በፈተና ልትሰጣት አይገባህም።

ስለዚህ ይህን ለማድረግ ለሚወድ ጥቂት ምክር እንጽፋለን። መጀመሪያ፥ በቤትህ የምታገለግልህ ካለች፥ አንተ ከማረፍህ በፊት የእርስዋን የዕረፍት ቀን ወስንላት፤ ደመወዝዋንም ስለ እርሱ አትቀንስ። በዚያ ቀን ወጡን ባለቤትህና አንተ ሥሩ፤ ልጆችህም ውሃ ይቅዱ፤ እጃቸው ሥራን ይለምዳል። ሁለተኛ፥ ወላጆችዋ በቅርብ ካሉ፥ ወደዚያ ስትወጣ የመሳፈሪያ ከፍለህ ውሰዳት፤ ከደጃቸውም አድርሳት። ሦስተኛ፥ በመንገድ የምታገኛቸውን ሰዎች አስቀድመህ በቋንቋቸው «አካም ጂርቱ» በላቸው፤ በማሳቸው መካከል አትሂድ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል በደጃቸው አትጣል። አራተኛ፥ በመንገድ ዳር ቡና ከምታፈላ ሴት ቡና ስትጠጣ በሁለት ብር አትከራከር። አምስተኛ፥ ከመንገድ ስትመለስ የታመመ ጐረቤት ወይም ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ቢኖሩ፥ ጥቂት ገብተህ ተቀመጥ፤ ያየኸውንም አጫውታቸው። መውጣት ላልቻለ ሰው የመንገዱ ወሬ ዕረፍት ነው።

እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከሰዓት በኋላው ያጠረችበት ይመስለው ይሆናል። ምሳውን ራሱ ለመቋጠር ጥቂት ጊዜ ይወስድበታል፤ ወደ ከተማው ዳርም ዘግይቶ ይደርሳል። ነገር ግን ዲጋ ደርሶ በዋንዛ ጥላ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፥ እርሱ እንዲያርፍ ሲል በቤቱ የሚደክም ሰው የለም። ያች ልጅም በዚያች ሰዓት በእናትዋ ደጅ ተቀምጣ እሸት እየጠበሰች ይሆናል።