በሕልም ያደረግሁት የእኔ ነው?

ሕልም እያዩ ሳሉ «ይህ ሕልም ነው» ብሎ ማወቅ ይቻላል። በ1975 እ.ኤ.አ. ኪት ሄርን የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዝ አገር በሃል ዩኒቨርሲቲ፣ የተኛ ሰው አስቀድሞ በተስማሙበት መንገድ ዓይኖቹን እያንቀሳቀሰ ከሕልሙ ውስጥ ምልክት ሲሰጥ በመሣሪያ መዝግቧል።

እኔም ልሞክረው ብዬ ጀመርሁ። ጠዋት እንደ ነቃሁ ሕልሜን በደብተር እጽፋለሁ፤ ቀን ቀን ደግሞ አንድን ጽሑፍ ሁለቴ እያነበብሁ «ሕልም ላይ እሆን?» እላለሁ፤ በሕልም ጽሑፍ መልሰው ሲያነቡት ብዙ ጊዜ ይለወጣልና። ከሳምንታት በኋላ አንድ ሌሊት ተሳካልኝ። ፊቴ የቆመው የተጣላሁት ጓደኛዬ ነበር። ሕልም መሆኑን አውቄአለሁ፤ የፈለግሁትን ማድረግ እችላለሁ። እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ እንዲለምነኝ አደረግሁ፤ ደስም አለኝ። ስነቃ ግን አፈርሁ።

«ማንን በደልህ?» ትሉኝ ይሆናል። አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፣ በሕልም የሆነውን እኛ እንዳላደረግነው ስንነቃ እንደምንረዳ ጽፏል። ይህ በተራ ሕልም ለሚጨነቅ ሰው መጽናኛ ነው። እኔ ግን እያወቅሁ መረጥሁ። ጓደኛዬ አልተነካም፤ የእኔ ልብ ግን ተገለጠ። ጌታም የሚያየው ልብን ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ልምምዱ ኃጢአት ነው አልልም። ማንም በማያየን ስፍራ የምንመርጠው ነገር ግን ማን እንደ ሆንን ይናገራል። በሕልሜ እርሱ ይቅርታ ለመነኝ፤ በእውኑ ግን በሩን አንኳኩቼ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነበርሁ።