ያልተነካው ስድስት መቶ ብር



ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ስለ ስድስት መቶ ብር ነው። «ስድስት መቶ ብር ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ጋዜጣ ላይ ይወጣል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ ዛሬ መርካቶ ይዞት የወጣ ሰው ፌስታሉን ሳይሞላ የሚመለስበት ገንዘብ ነው። ነገር ግን ይህ ገንዘብ በአገራችን ሕግ ውስጥ ግብር የሚከፍለውን ሠራተኛና የማይከፍለውን ሠራተኛ የሚለይ ድንበር ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል። እኔም በነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ድንበሩን ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ ስለነበርኩ ስለ እሱ የመናገር ዕዳ ያለብኝ ይመስለኛል።

መተዳደሪያዬ የሒሳብ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል የብረታ ብረት ወርክሾፕ በርና መስኮት ለሚበይዱ፣ ለሚቀጠቅጡ፣ ለሚጠርጉና ለሚጠብቁ ሠራተኞች በየወሩ ፔሮል እሠራለሁ። ደመወዝ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ፣ በፖስታ ነው። ከሁሉም በፊት የሚመጡት ሌሊት ሲጠብቁ ያደሩት አዛውንት ናቸው። የሱብሒን ሶላት ሰግደው ግቢውን ጠርገው በራፌ ላይ ይቆማሉ። ደመወዛቸው 3,000 ብር ነበር።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ፖስታውን ተቀብለው ወረቀቱን አዩና እንደ ወትሮው ሳይሄዱ ቀሩ።

«ልጄ፣ ይቺ ሦስት መቶ ሰባት ብር ከሃምሳ የምትቆረጠው ለምንድን ነው?»

«የመንግሥት ግብር ናት አባባ።»

«እሱንስ ለምጄዋለሁ። ገበያው እንዲህ ሲሆን ግን እሷ አትቀንስም ወይ?»

«ሕግ ነው» አልኳቸው። «እሺ» ብለው ሄዱ።

በሥራዬ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት ቆጥሬው አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ አልተወኝም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሽማግሌውን አይተዋቸው አያውቁም፤ ስማቸውንም አልሰሙም። ከፖስታቸው ላይ ገንዘቡን ቆጥራ ያነሳችው የኔ እጅ ናት።

ሕጉ ምን ይል እንደነበር ላስረዳ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በወር እስከ 150 ብር ደመወዝ የሚያገኘውን ከግብር ነፃ አድርጎ ነበር። ይህ ወለል 14 ዓመት ሳይነካ ተቀመጠ። በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 979 ወደ 600 ብር ከፍ አለ። ከ600 ብር በላይ እስከ 1,650 ብር ባለው ላይ 10 ከመቶ፣ ከዚያ እስከ 3,200 ብር ባለው ላይ 15 ከመቶ እያለ ይወጣና ከ10,900 ብር በላይ ባለው ላይ 35 ከመቶ ይደርሳል። በዚህ ስሌት ከ3,000 ብር ላይ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ለግብር፣ 7 ከመቶ ማለትም 210 ብር ለጡረታ ሲነሳ፣ ለሽማግሌው የሚደርሳቸው 2,482 ብር ከ50 ሳንቲም ነው።

600 ብር ሲወሰን አንድ የአሜሪካ ዶላር 22 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ወሰነ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የብድር ፕሮግራም አጸደቀ። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጁም የራሱን መንገድ ይዞ ነበር፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በጥር 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሳንቲም ነበር።

ስለ ምንዛሬው ውሳኔ ስናገር ሚዛኔን ማዛባት አልፈልግም። ውሳኔው ያለ ምክንያት የተወሰነ አልነበረም። ከባንክ ውጭ ያለው የዶላር ዋጋ ከባንኩ ዋጋ እጥፍ ገደማ ደርሶ እንደነበር መርካቶ የዋለ ሁሉ ያውቃል። በርካሹ ዋጋ ከባንክ ዶላር የሚያገኘው ወረፋውን የሚያልፍበት መንገድ ያለው ነበር እንጂ ድሃው አልነበረም። ብዙው ዕቃም ቀድሞውኑ በውጭው ዋጋ እየተሸጠ ነበር። ስለዚህ «ብሩ ባይነካ ኖሮ ሁሉ ሰላም ነበር» የሚለውን ወሬ አልቀበልም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከውሳኔው በኋላ በወርክሾፓችን የሆነውን ልንገራችሁ። ላሜራና ቱቦላሬ ከውጭ የሚመጣ ነው። አስመጪው ዋጋ ጨመረ፤ የብረታ ብረት ነጋዴው ጨመረ፤ እኛም ለደንበኞቻችን የምንሰጠውን ፕሮፎርማ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀየርን። ፕሮፎርማውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሚያሠሩን ሰዎች ደግሞ ቤቱን ሲያከራዩ በኪራዩ ላይ ጫኑት። እያንዳንዱ የመጣበትን ሸክም ለቀጣዩ እያቀበለ አለፈ። ይህን በማድረጉ ነጋዴውን ብቻ የምወቅስ አይደለሁም፤ ባያደርገው ሱቁን ይዘጋል። በሰልፉ መጨረሻ ላይ ግን ከጉልበቱ በቀር የሚሸጠው የሌለ ሰው ቆሟል። የጉልበቱን ዋጋ የሚተምነው ደግሞ እሱ አይደለም። ፕሮፎርማው ሦስት ጊዜ ሲቀየር ፔሮሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀየረም፤ ያችም ስድስት መቶ ብር በቦታዋ ነበረች።

ታዲያ እዚህ ላይ በደለኛው ማን ነው? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ስታነሳበት በመዲና የሆነውን ይጠቅስልሃል። ዋጋ ንሮ ሰዎች ተመን እንዲያወጡላቸው ሲጠይቋቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳልተቀበሏቸው አነስ (ረ.ዐ.) ያወሩት ሐዲስ አለ። ጠቃሹ እዚህ ላይ ያቆምና «መንግሥት ገበያ ውስጥ እጁን አያስገባ» ይላል። የሐዲሱን ፍጻሜ ግን ልብ ልንለው ይገባል። ያልተቀበሉበትን ምክንያት ሲናገሩ፣ ማንም ሰው በደሙም ሆነ በገንዘቡ የበደል ክስ ሳያነሳባቸው ከጌታቸው ጋር ለመገናኘት እንደሚሹ ነው የገለጹት። ስለ ሰው ገንዘብ እንዲህ ያለ ፍርሃት! ዑለማዎቻችን ተመን በምን ሁኔታ እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ የተነጋገሩበትን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። እኔ የያዝኩት ያንን ፍርሃት ነው።

የጤፍ ዋጋ ሲወጣ እጁን ያስገባው ብዙ ነው፤ ዝናቡ፣ መንገዱ፣ ደላላው፣ ዶላሩ፣ እኛም በችኩልነት ገዝተን የምናከማቸው። «ማን አደረገው?» ብሎ ጣት መቀሰር ይቸግራል። የግብሩ ወለል ግን እንደ ጤፍ አይደለም። ብርድ አያረግፈውም፣ ደላላ አይደብቀውም። የሚያነሳውና የሚያስቀምጠው አንድ እጅ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሳይነሳ የቀረውም ያ እጅ ስላልተዘረጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ ተከራክሮኛል። «ምንም ካላደረጉ ምን በደሉ? በደል ማለት አንድ ነገር ሲደረግ ነው» አለኝ። መልስ ለማግኘት ሰነበትኩ። እስቲ አስቡት፤ በ2008 ዓ.ም. የወለሉ ቁጥር ወደ 27 ዶላር ገደማ የሚመነዘር ነበር። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ያው ቁጥር 5 ዶላር አይሞላም። ሽማግሌዎቻችን በዶላር ጤፍ አይገዙም፤ ግን ገንዘቡ ምን ያህል እንደረከሰ ያሳያል። ቁጥሩ ባይነካም ትርጉሙ ተነክቷል። በ2008 ዓ.ም. ወለሉ ነፃ ያወጣው የነበረውን ሰው በ2017 ዓ.ም. ግብር ከፋይ አድርጎታል፤ ይህም የሆነው ያለ አዋጅ፣ ያለ ውይይት፣ አንድም የምክር ቤት አባል እጁን ሳያወጣ ነው። ግብሩን በአዋጅ ጨምረው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ክርክር ይነሳ፣ ምክንያት ይጠየቅ ነበር። ዝም በማለት የተጨመረውን ግን ማን ይጠይቃል? የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የሥራ ግብር እንዲቀነስ ለዓመታት ሲጠይቅ ስለቆየ «አላወቅንም ነበር» ማለትም አይቻልም።

ስለ ኒሷብ ያስታወሰኝ ይኸው ነገር ነው። ዘካ ዒባዳ ነው፣ ግብር ደግሞ የመንግሥት ሕግ፤ ሁለቱን ማምታታት አልፈልግም። ዘካ የሚወጣው ዓመት ከዞረበት ሀብት ላይ ነው እንጂ ገና ለእንጀራ ካልደረሰ የወር ደመወዝ ላይ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ተመልከቱ። ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ልክ 20 ዲናር ወርቅ ወይም 200 ድርሃም ብር ነው፤ በዛሬ ሚዛን 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር መሆኑ ነው። (የገንዘባችን መጠሪያ «ብር» ራሱ የማዕድኑ ስም መሆኑን ልብ ይሏል!) ልኩ የተቀመጠው በክብደት ስለሆነ ገንዘቡ ሲረክስ የኒሷቡ ቁጥር በብር ሲሰላ አብሮ ከፍ ይላል። ድሃው «እኔ ድሃ ነኝ» ብሎ ቢሮ ለቢሮ ሳይዞር ድንበሩ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። ከዐሥራ አራት ምዕተ ዓመት በፊት የተቀመጠ ልክ ይህን ማድረግ ከቻለ፣ ኮምፒዩተር ባለበት ዘመን አንድን ቁጥር ከኑሮው ጋር ማስተካከል ይህን ያህል ከባድ ነውን?

«መንግሥት ገንዘቡን ከየት ያምጣ?» የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። በነዚያ ዓመታት የአገሪቱ የግብር ገቢ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት 10 ከመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ያለ ግብር አይሠራም። ነገር ግን ከደመወዝተኛው የሚሰበሰበው አቅም ስላለው ሳይሆን ማምለጫ ስለሌለው እንደሆነ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነጋዴው ገቢውን ራሱ ያሳውቃል፤ የጥበቃው ግብር ግን ደመወዙ እጁ ሳይገባ በኔ በኩል ያልፋል። ምቹ ስለሆነ ከምስኪኑ መጀመር ለሰብሳቢው ይቀለዋል። ፍትሕ ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አይደለም እላለሁ።

የራሳችንንም ጉድ ልናገር። አሠሪዬን «ለጥበቃው 500 ብር እንጨምርላቸው» ብዬ ጠይቄው ነበር። ካልኩሌተሩን ወደኔ ገፋው። 500 ብር ቢጨመር ከድርጅቱ የ11 ከመቶ የጡረታ መዋጮ ጋር 555 ብር ይወጣል፤ ግብሩና ጡረታው ተነስቶ ሰውየው እጅ የሚገባው 375 ብር ነው። «አየህ፣ ጭማሪውን የምሰጠው ለሱ ብቻ አይደለም» አለኝ። ስሌቱ ትክክል ነበር። በዚያ ዓመት የበሮቻችን ዋጋ ስንት እንደጨመረ የማውቀው እኔው ስለሆንኩ ግን ሙሉ ሰበብ አድርጌ አልወሰድኩለትም። ሕጉም አያስገድደውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን የደመወዝ ልክ የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ አዋጁ ስድስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ወለል አልነበረም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም። የራሴ ደመወዝ ጭማሪ በዚያው ሰሞን ይታይ ስለነበር ነገር ማብዛት አልፈለግሁም። ይህን አላህ ያውቃል፤ አሁን ደግሞ እናንተም አወቃችሁ።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አዋጁ ተሻሻለና ወለሉ 2,000 ብር ሆነ። አልሐምዱሊላህ፣ መልካም ነገርን መልካም ማለት ይገባል። ግን 2,000 ብር በዚያን ጊዜ ምንዛሬ 15 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ በ2008 ዓ.ም. ከነበረው የ600 ብር ልክ ግማሽ ገደማ መሆኑ ነው። እሱም እንደ ቀዳሚዎቹ በብር የተጻፈ ቁጥር ነው።

በአዲሱ ሠንጠረዥ የሽማግሌው ግብር 150 ብር ሆነ። ፖስታው ውስጥ 2,640 ብር አድርጌ ሰጠኋቸው፤ ከበፊቱ በ157 ብር ከ50 ሳንቲም ይበልጣል። ጠዋት ተቀብለውኝ ሄዱ። ለዙህር ሶላት ልወጣ ስል በራፉ ላይ አገኘኋቸው፤ ፖስታውን እንደያዙ ናቸው። የተጣጠፉ ብሮች ለይተው በሌላው እጃቸው ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ ስትቆጥር ተሳስተሃል። የሰው ሐቅ ነው፣ ያዝ።»

«አልተሳሳትኩም አባባ። ግብሩ ስለቀነሰ ነው። የርስዎ ነው።»

ብሮቹን ትንሽ አዩዋቸው። «የኔ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዚህ ወር ጀምሮ» አልኳቸው።